ስለ ቤት ቅርስና ስለ ጥገናው

ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት፣ በየቤታችን ስላለውና ከሻንጣ ጋር ተሻግሮ ረገንስዶርፍ ስለ ደረሰው ዕቃ ጥቂት ለማለት ወደድን። ከአያት የወረደ የብር መስቀል፣ ጥበቡ የደበዘዘ ቀሚስ፣ ጠርዙ የተበላ ዳዊት፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ፎቶግራፍ በብዙዎቻችን ቤት ይገኛል። ዕቃው እያረጀ ነው። የማን እንደ ነበር የሚያውቁት ወላጆቻችንም እንዲሁ።

በቅርባችን ካለው ምሳሌ እንጀምር። ከረገንስዶርፍ በባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ዙሪክ እንደርሳለን። በዚያ የሚገኘው የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ጥናት ሙዚየም የአልፍሬድ ኢልግን ስብስብ ይዟል። ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1854 በፍራውንፌልድ ተወልዶ፣ በዙሪክ ምሕንድስና ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ የገባ ሰው ነው። የምኒልክ መሐንዲስና አማካሪ ሆኖ ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ አገልግሏል። የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1894 ቢያገኝም ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ስለ ሆነ፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዙሪክ ላይ ያረፈው ኢልግ ፍጻሜውን አላየም። ስለ እርሱ የሕይወት ታሪክ በሞተ በሁለት ዓመቱ ታተመ። ስለ ስብስቡ ደግሞ ኤሊዛቤት ቢያዚዮ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰፊ መጽሐፍ አወጡ። እንግዲህ የባዕድ ሰው ይዞት የመጣው የአገራችን ዕቃ ይህን ያህል ሲጻፍለት፣ በገዛ ቁም ሣጥናችን ያለው አንዲት መስመር እንኳ የለውም። ይህ ያሳዝነናል።

መጠገን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የብራና መጽሐፍ የእንጨት ገበታው ሲሰነጠቅ አባቶች አይጥሉትም፤ ግራና ቀኙን በስተው በጅማት ወይም በክር ይሰፉታል። ቅልም ሲሰነጠቅ እንዲሁ ይሰፋል። ስፌቱ አይደበቅም፤ የሚያየው ሁሉ መጽሐፉ አንድ ጊዜ እንደ ተጎዳና አንድ ሰው እንደ ራራለት ያውቃል።

ጥገና ግን ሊያጠፋም ይችላል። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ጥንታዊ ባለ ሥዕል ወንጌላት ይቆጠራሉ። ቀደም ሲል የተደረገ ጥገና አንዳንዶቹን ቅጠሎች ከቦታቸው አዛብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከእንግሊዝ የመጡ ባለሙያዎች መጻሕፍቱን ከገዳሙ ሳያስወጡ እዚያው ጠገኑአቸው። እኛን የሚያስደስተን ይህ ነው፤ ጠጋኙ ወደ መጽሐፉ ሄደ እንጂ መጽሐፉ ከጠባቂዎቹ አልተለየም።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ እንመለስ። በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት የታወቀውን የአርመናዊውን የቤድሮስ ቦያጂያንን ቤተሰብ የመሰሉ ባለሙያዎች የከፈቱት መንገድ፣ ከጊዜ በኋላ ተራውም ሰው ክቱን ለብሶ እንዲነሣ አበቃው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ፣ ይልቁንም በቀይ ሽብር ዘመን፣ ፎቶግራፍ ማስረጃ ሆነና ሰው ያስይዝ ጀመር። ስንቱ ቤተሰብ ቀደደ፣ አቃጠለ፣ በአፈር ቀበረ። አንዳንዱ ደግሞ የአንዱን ሰው ፊት ብቻ በመቀስ ቆርጦ ሌላውን አስቀረ። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ በእጃችሁ ያላችሁ ምን እንደምንል ታውቃላችሁ።

ዛሬ ኮምፒዩተሩ የተቆረጠውን ቦታ ራሱ ገምቶ ይሞላዋል። ልጆቻችን ይህን በደቂቃ ይሠሩታል፤ የሚሠሩትም ለወላጆቻቸው ደስታ ብለው ነው። ይሁን እንጂ የሚመጣው ፊት የአጎታችን ፊት አይደለም። በመቀስ የተቆረጠው ቦታ እናታችን በዚያች ሌሊት የፈራችውን ፍርሃት ይዟል፤ እርሱን መሙላት እርሷንም መሰረዝ ይመስለናል። ስለዚህ አስተያየታችን፣ መጀመሪያ እንዳለ ይገልበጥ፣ ቁራጩም ይታይ፤ የተዋበ ቅጂ ያማረው ሌላ ያሠራ፣ ዋናው ግን አይነካ የሚል ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ቀላል ነው። በጀርባው ሙጫ፣ በላዩ ፕላስቲክ ካለው አልበም ፎቶግራፉን ማውጣት ይገባል፤ ሙጫው ያበላሸዋል። ከተጣበቀ ግን በጉልበት አይላቀቅ፣ ከነገጹ ይገልበጥ። ብራናን የክረምቱ ማሞቂያ ያደርቀዋል፤ ደርቆ ሲኮማተር ቀለሙ ይረግፋልና ከማሞቂያውም ከመስኮቱም ይራቅ። የብር መስቀልን ለበዓል እያሉ በየጊዜው መፈግፈግ ደግሞ የቅርጹን መስመር ይበላዋል። ብዙው መስቀል ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው፤ በጀርባው የባለቤቱ የክርስትና ስም የተቀረጸበትም አለ። ስሙ ተፈግፍጎ ከጠፋ መልሶ የሚያመጣው አንጥረኛ የለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስሙ ይጻፍ። በፎቶግራፉ ጀርባ፣ ጠርዙ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ያልፋል። ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ተነሣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ማን እንደ ሰጠን። ዓመቱ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር መግለጥ አይረሳ፤ ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት የአንድን ሰው ዕድሜ ያምታታል። በመጀመሪያ በአማርኛ ይጻፍ፤ ከሥሩ የዙሪኮቹ ልጆች በጀርመንኛ፣ የጄኔቮቹ በፈረንሳይኛ ራሳቸው ይጻፉት፣ አያት አጠገባቸው ተቀምጣ እየነገረቻቸው።