ጨሌው የማን ነው?

ናይሮቢ ደርሶ የሚመለስ ሰው ለዘመድ ለወዳጅ ምን ይዤ ልግባ ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ማሳይ ማርኬት ሂድ።» ገበያው እንደ መርካቶ አንድ ቦታ የተተከለ አይደለም። በሄድኩባቸው ጊዜያት ዓርብ ጊጊሪ ውስጥ ቪሌጅ ማርኬት በሚባለው የገበያ ማዕከል ይውል ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ መሐል ከተማ በከፍተኛው ፍርድ ቤት የመኪና ማቆሚያ። ጠዋት ጨርቅ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ዕቃው ይደረደራል፤ ሲመሽ ሁሉም ተጠቅልሎ በጀርባ ይሄዳል።

ስሙን አምኖ የገባ ሰው ግን ትንሽ ጠየቅ ጠየቅ ካደረገ ግራ መጋባቱ አይቀርም። ምክንያቱም እዚያ ከተዘረጋው ዕቃ አብዛኛው የማሳይ አይደለም። ቀጭኔውንና ዝሆኑን ከእንጨት የሚጠርቡት በአመዛኙ ካምባዎች ናቸው። ይኸውም ቢሆን ብዙ ቱሪስት እንደሚያስበው የሺህ ዓመት ቅርስ አይደለም። ሙቲስያ ሙንጌ የተባለ የካምባ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ታንጋኒካ ዘምቶ ሳለ ከዚያ አገር ጠራቢዎች ሙያውን ቀሰመ፤ ሲመለስም መንደሩ ዋሙንዩ ላይ ጀመረው። ጎረቤት ከጎረቤት እየተማረ ሥራው የአገር ሆነ። ለስላሳው የሳሙና ድንጋይ የሚቆፈረው በምዕራብ ኬንያ፣ በኪሲ አገር ታባካ ከሚባል ቦታ ነው። ከቃጫ የሚሠራው ኪዮንዶ የሚባለው ቅርጫት የካምባና የኪኩዩ ሴቶች ሥራ ነው። በደማቅ ቀለም የተሣሉት ነብሮችና ወፎች ደግሞ ድንበር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ የአሣሣሉ ስልት ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ከሞተው ታንዛኒያዊ ሠዓሊ ከኤድዋርድ ሳይዲ ቲንጋቲንጋ ነው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠውን ጫማማ ላስረዳችሁ አይገባም፤ የኛው በረባሶ የሥጋ ዘመድ ነው።

ለማሳይ የሚቀረው እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፤ ሹካውና ጨሌው። ሹካ ስል የምንበላበትን አይደለም፤ ማሳዮች እንደ ጋቢ የሚደርቡትን ቀይ ጨርቅ ነው። እሱም ቢሆን ነጋዴ ያመጣው ነው፤ አያቶቻቸው ይለብሱ የነበረው ቆዳ ነው። ጨሌውስ? ጥንት ማሳይ የሚያጌጠው በብረት፣ በመዳብ፣ በዘር ፍሬ፣ በአጥንትና በዛጎል ነበር። ያ በየአንገቱ ላይ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ የምናየው ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ የብርጭቆ ጨሌ ግን የተሠራው ቬኒስና ዛሬ ቼክ በምትባለው ቦሄሚያ ነው።

«ታዲያ ተሸወድን ማለት ነዋ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። እንደኔ አልተሸወድንም። የጨሌውን መንገድ የተከተለ ሰው ከማንኛውም «ጥንታዊ» ዕቃ የበለጠ ታሪክ ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1883 ጆሴፍ ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ የማሳይን አገር አቋርጦ ቪክቶሪያ ሐይቅ ለመድረስ ከባሕሩ ዳርቻ ተነሣ። ተሸካሚዎቹ ካዘሉት ጭነት ትልቁን ድርሻ የያዘው ጨሌ፣ ሽቦና ጨርቅ ነበር። ለምን ቢባል በማሳይ አገር ዝም ብሎ ማለፍ የለም። «ሆንጎ» የሚባል የማለፊያ ግብር ነበር፤ እሱን ያልከፈለ ቅፍለት ጦረኛው ፊት ይቆማል። ግብሩም ቢሆን በዘፈቀደ አልነበረም። ጨሌው በክር ተሰክቶ፣ በልክ ተዘጋጅቶ ካልቀረበ ማሳይ አይቀበልም። ስለዚህ ቶምሰን ታቬታ ላይ ጉዞውን ገትቶ ሰዎቹን ጨሌ ሲያሰካ ሰነበተ። አውሮፓዊው አሳሽ እንደ ልጃገረድ ቁጭ ብሎ ጨሌ ያሰካል፤ ማሳዩ ደግሞ መርምሮ «ይኼ ቀለም አይሆንም፣ ይኼ አጥሯል» ይላል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ያኔ ጨሌ ይዞ የሚለማመጠው አውሮፓዊው ነበር፤ ዋጋ የሚቆርጠው ማሳይ። ዛሬ ጨሌ ይዛ የመኪና መስኮት ሥር የምትለማመጠው የማሳይ ሴት ናት፤ ዋጋ የሚቆርጠው አውሮፓዊው። ጨሌው ያው ጨሌ ነው። በመሐል ምን ሆነ?

የመጀመሪያው መልስ እኛም ቤት የገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ደስታ በሽታ ኢትዮጵያን እንዴት እንዳራቆታት እናውቃለን፤ «ክፉ ቀን» ብለን የምንጠራው ነው። በሽታው ግን ቦረና ላይ አልቆመም። ወደ ደቡብ ወርዶ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የማሳይን ከብት ፈጀ፤ ፈንጣጣና ረሃብም ተከትለው ሰዉን ጨረሱት። ማሳይ ያንን ዘመን «ኢሙታይ» ይለዋል፤ ጨርሶ ማለቅ እንደ ማለት ነው። ከብቱ የሞተበት አርብቶ አደር ማለት በሬው የሞተበት ገበሬ ማለት ነው። እኛም እነሱም በአንድ በሽታ፣ በአንድ ዘመን አለቀስን።

ሁለተኛው መልስ መሬት ነው። እንግሊዝ የምድር ባቡሯን ይዛ የመጣችው ማሳይ በዚህ ዓይነት ተዳክሞ ሳለ ነው። ባቡሩ በ1899 የደረሰበት ረግረጋማ ሜዳ ስሙ የማሳይ ነበር፤ «ኤንካሬ ናይሮቢ»፣ ቀዝቃዛ ውሃ። በ1904 በተፈረመ ውል ማሳዮች ከናይቫሻና ከናኩሩ አካባቢ ከስምጥ ሸለቆው ለምለም ግጦሽ ተነሥተው ግማሹ ሰሜን ወደ ላይኪፒያ፣ ግማሹ ወደ ደቡብ እንዲሄድ ተደረገ። ውሉ የማሳይ ሕዝብ እስካለ ድረስ ይጸናል የሚል ነበር። ሰባት ዓመት ቆየ። በ1911 ሌላ ውል መጣና ላይኪፒያም ለነጭ ሠፋሪ ትፈለጋለች ተባለ። ሰውና ከብት እየተነዳ ወደ ደቡብ ወረደ፤ በመንገዱም ብዙ ሞተ።

ማሳዮች በዚህ ጊዜ ጦር አላነሡም፤ ጠበቃ ገዝተው ከሰሱ። ኦሌ ንጆጎና ጓደኞቹ በ1913 ያገኙት ፍርድ ግን በሕግ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ የሚነገር ነው። ማሳይ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ያለ የውጭ ሕዝብ ነው፤ ውሉም በሁለት መንግሥታት መካከል እንደተደረገ ስለሚቆጠር ፍርድ ቤት አያየውም ተባለ። መሬታቸውን ለመውሰድ ሲሆን ተገዢ፣ ለመክሰስ ሲሆን የውጭ አገር ሰው! የዛሬው የናይሮቢ ፍርድ ቤት ሕንፃ ያኔ ገና አልተሠራም ነበር። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ በፍርድ ቤት ደጃፍ የማሳይ ሴቶች ጨሌ ዘርግተው ሳይ ይህ ነገር ትዝ ሳይለኝ አይቀርም።

ሦስተኛው መልስ አራዊቱ ናቸው። የተረፈው መሬትም ቢሆን ለአንበሳና ለዝሆን መከለል ነበረበት፤ ማሳይ ማራ በ1961 የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ማሳይ ከአራዊቱ ጋር ለዘመናት አብሮ የኖረበት ቦታ ከብቱን የማያስገባበት ቦታ ሆነ። ከዚያ ኬንያ በ1977 አደንን ከለከለች፤ በ1978 ደግሞ የዝሆን ጥርስ፣ የሜዳ አህያ ቆዳና የመሳሰለውን የሚሸጡ ሱቆች ንግዳቸውን እንዲያቆሙ ተደረገ። ሳፋሪ በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ነው፤ ተጓዡ ግን ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። የጥርሱና የቆዳው መደርደሪያ ሲራቆት እንጨቱ፣ ድንጋዩና ጨሌው ተፈላጊ ሆኑ። የመሬትና የከብት ሀብት በጠበበበት ቤት እናትየው በክርና በወስፌ ገንዘብ የምታገኝበት በር የተከፈተው እንዲህ ነው።

ጨሌ መስካት በማሳይ ዘንድ የሴት ሙያ ነው። የጥበብ ነገር ከተነሣ ደግሞ ጨሌው ከቬኒስ ይምጣ ከቻይና፣ ቀለሙን ከቀለም አጣልቶ የማስታረቁ ነገር የራሳቸው ነው። እያንዳንዱ የእድሜ እርከን የራሱ ፋሽን አለው፤ የአባት ጌጥና የልጅ ጌጥ አንድ አይደለም። ቀይ ጀግንነት ነው፣ ሰማያዊ ሰማይ ነው፣ ነጭ ወተት ነው እያሉ አስጎብኚዎች እንደ ዳዊት የሚደግሙት ነገር እውነት አለበት፤ ግን ፋሽን መሆኑን ይደብቃል። ከውጭ የመጣን ነገር ወስዶ የራስ ማድረግ ቅርስን አያሳንሰውም። የኛ ሴቶች ከፋብሪካ በወጣ ባለ ቀለም ክር የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ሲያስጠልፉ ሐበሻነቱ ቀረ የሚል የለም።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ናይሮቢ ገና ከመግባታችሁ አንድ ቀልጣፋ ወጣት ቅርጫት ይዞ ይጠጋችኋል።

«ሐበሻ! ወንድሜ! ማየት ነጻ ነው። የወደድከውን እዚህ ቅርጫት ውስጥ ጨምር፣ ዋጋውን መጨረሻ ላይ እንነጋገራለን።»

«የሠራው ሰውስ የት አለ?»

«ሁሉም ቤተሰብ ነው፤ እኔው እከፍላቸዋለሁ።»

ቤተሰብነቱን እንጃ፤ ሰውየው ደላላ ነው። ጠቅላላ ዋጋ ይጠራል፣ ትከራከራላችሁ፣ ግማሽ ትደርሳላችሁ፣ «ጎበዝ ተከራካሪ ነህ» ተብላችሁ ደስ ብሏችሁ ትወጣላችሁ። ክርክሩ የበላው ግን የደላላውን ድርሻ ሳይሆን ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ድርሻ ሊሆን ይችላል። ወደ ማራ በሚወስደው የናሮክ መንገድ ላይም ሹፌሩ «ሻይ እንጠጣ» ብሎ የሚያቆምባቸው ትልልቅ የስጦታ ዕቃ መደብሮች አሉ፤ ሹፌሩም ሻዩን ብቻ ጠጥቶ አይሄድም፤ ኮሚሽን አለው። «ንጹሕ ዞጲ ነው» የተባለ ጥቁር ቅርጽም አንዳንዴ እርጥብ ጣት ሲነካው የጫማ ቀለም ይለቃል።

ሰከናኒ በሚባለው የማራ በር ላይ ግን ደላላ የለም። መኪና ሲቆም ሴቶቹ ራሳቸው ይከብቡታል። ፊት ለፊታችን በቆመች መኪና ውስጥ የተቀመጡ አንድ ጎብኚ ሰፊ የአንገት ጨሌ ይዘው ሲከራከሩ አየሁ። ሴትየዋ ሦስት ሺህ ሽልንግ አለች፤ እሳቸው ሰባት መቶ። በሹፌራችን በኩል «ማማ፣ ይኼን ለመስካት ስንት ቀን ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅኋት። አራት ጣት አሳየችኝ። ከ2024 ጀምሮ ማራ ለመግባት የውጭ ጎብኚ በከፍተኛው ወቅት በቀን 200 ዶላር ይከፍላል። በሩ ላይ የሚከራከር የለም፤ ዋጋው የተቆረጠ ነው። የአራት ቀን ሥራ ላይ ግን ሁሉም ነጋዴ ይሆናል።

ይህ የመንገድ ዳር ክርክር ትልልቆቹ ቤቶችም ዘንድ ደርሷል። ሉዊ ቪቶን በ2012 የወንዶች ልብስ ስብስቡ የማሳይን ሹካ የሚመስል ጨርቅ ባቀረበ ጊዜ፣ የማሳይ ስምና መልክ በየሸቀጡ ላይ ሲለጠፍ ለማሳይ ምን ይደርሰዋል የሚለው ጥያቄ በረታ። ማሳዮችም ስማችንን የሚጠቀም ፈቃድ ይጠይቅ፣ ይክፈል ማለት ጀመሩ። ይኼማ የድሮው ሆንጎ ነው! በአገራችን የሚያልፍ ቅፍለት ግብር ይክፈል ከማለት በምን ይለያል?

ዋጋ መከራከር ነውር ነው አልልም፤ መርካቶን ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ስብከት አይዋጥለትም። ክርክሩ ግን ከማን ጋር እንደሆነ ማወቅ ደግ ነው። ማሳይ ገበያ ስትገቡ «ይህ ዕቃ ጥንታዊ ነው ወይ?» ብላችሁ አትድከሙ፤ ሁሉም አዎ ይላችኋል። «ማን ሰካው?» በሉ። መልሱ ረጅም ከሆነ እንደ ልባችሁ ተከራከሩ። «እኔ» ካለቻችሁ ግን ክርክሩን አሳጥሩት።