ቀይ ቀበሮ ቀበሮ ነው እንዴ?

በደጋችን አንድ እንስሳ አለ። እኛ «ቀይ ቀበሮ» እንለዋለን። ፈረንጆቹ ግን አንዴ «የስሜን ቀበሮ»፣ አንዴ «ቀይ ጃካል» ሲሉት ኖረው ዛሬ «የኢትዮጵያ ተኩላ» በሚለው ረግተዋል። አንድ እንስሳ፣ ይህ ሁሉ ስም! ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ፍጥረትን ሁሉ በመደብ የደረደረበትን መጽሐፉን ያወጣው በ1735 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) ነው። በ1758 ባሳተመው አሥረኛው እትም ደግሞ ለእያንዳንዱ እንስሳ ሁለት ሁለት የላቲን ስም ሰጠ፤ የመጀመሪያው ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይናገራል። የእኛ አጠራር ተገልብጦ፣ የአባት ስም ቀድሞ እንደ ማለት ነው። ውሻን፣ ተኩላንና ቀበሮን ሁሉ «ካኒስ» በሚል አንድ ወገን ሥር አጎራቸው። መመዘኛው የሚታየው አካል ነበር፤ ጥርስ፣ ጣት፣ ጡት። ዝምድና የሚባል ነገር በሐሳቡ አልነበረም። መመሳሰል የጋራ ትውልድ ምልክት መሆኑን ዳርዊን ያሳየው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1859 ነው።

ወደ እኛው አውሬ እንመለስ። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤዱዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ዞሮ ካየ በኋላ እንስሳውን «ካኒስ ሲመንሲስ» ብሎ መዘገበው፤ «የስሜኑ» ማለቱ ነው። (አገሬው ለስንት ዘመን ያውቀው የነበረ እንስሳ «ተገኘ» የሚባለው እንዲህ ነው!) በ1860ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ጆን ኤድዋርድ ግሬይ ደግሞ ከነወገኑ አውጥቶ «ሲሜኒያ» የሚል የብቻ ወገን አበጀለት። አይፈረድበትም። ረጅምና ቀጭን አፉ፣ ትንንሽና የተራራቁ ጥርሶቹ ከተኩላ ይልቅ ቀበሮን ያስታውሳሉ። ነገር ግን ይህ ቅርጽ የምግቡ ውጤት ነው። ኑሮው አይጥና ፍልፈል ነው፤ ባሌ ውስጥ በተለይ ትልቁ ፍልፈል።

ቅርጽን አይቶ ዝምድና መፍረድ እንዲህ ያሳስታል። ክርክሩን ወደ ሌላ መስክ የወሰደው በ1994 የታተመ የዘረ መል ጥናት ነው። ደሙ ሲመረመር እንስሳው ከቀበሮም ከጃካልም ይልቅ ለግራጫው ተኩላና ለሰሜን አሜሪካው ኮዮቴ ቀረበ።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። ጃካል በአፍሪካ ሞልቷል፤ ለአንድ ተጨማሪ ጃካል ማን ገንዘብ ያወጣል? የትም የማይገኝ፣ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሱት ከ500 የማይበልጡ ተኩላ ሲባል ግን ወሬው ይለወጣል። ከነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው፤ የቀሩት በአርሲ፣ በወሎ፣ በመንዝና በስሜን ተበታትነዋል። በ2003 ከቤት ውሾች የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ዌብ ሸለቆ መንጋዎች ክፉኛ ጨረሳቸው። ክትባት መስጠትም ግድ ሆነ።

ውሻ የሚያመጣው ጣጣ በሽታ ብቻ አይደለም። ዘመድ ነውና ይዳቀላል፤ የ1994ቱ ጥናትም ከባሌ ክልሶችን አግኝቷል። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ «የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ» የሚባለው (እሱም እስከ 2015 ድረስ ጃካል ነበር የሚባለው) ከዘረ መሉ ሩብ በላይ ከእኛው ቀይ ቀበሮ፣ የቀረው ከግራጫ ተኩላ የመጣ መሆኑን አሳየ። ሊኔየስ እያንዳንዱን ዝርያ በየሳጥኑ ሲያስቀምጥ ሳጥኖቹ እርስ በርስ እንደሚፈሳሰሱ አላሰበም።

ለእኛስ የቱ ስም ይሻላል? «የኢትዮጵያ ተኩላ» ብለን ቃል በቃል እንዳንተረጉመው ተኩላ የሚለውን ስም ለሌላ አውሬ፣ ለዱር ውሻ፣ የሚሰጡም አሉ። እኔ ቀይ ቀበሮ ማለቴን እቀጥላለሁ፤ ላቲኑን ላቦራቶሪው ይያዘው።