ከላንቻ እስከ በዓታ

አዲስ አበባ፣ ላንቻ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ፣ አንዲት እናት አሉ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ሰንብቷል፤ ያለ ምርኩዝና ያለ ሰው ትከሻ ከደጃፋቸው አይርቁም። እኚህ እናት የአንድ ነገር ምኞት ነበራቸው፤ ታዕካ ነገሥት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ሄደው የእምዬ ምኒልክን መቃብር መሳለም።

የበዓታ ንግሥ ታኅሣሥ 3 ነው፤ ምኒልክም ያረፉት በዚያው ዕለት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። በንግሡ ቀን ግፊያውን አይችሉትምና ሕዝቡ ከተበተነ ከቀናት በኋላ፣ አንድ ማለዳ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ የልጅ ልጃቸው ኮንትራት ታክሲ አምጥቶ በር ላይ አቆመ። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና መጀመሪያ ወንበሩ ላይ በጎን ቁጭ አሉ፤ ከዚያም እግራቸውን አንድ በአንድ በእጃቸው እያነሱ አስገቡ፤ ሹፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ምንም ሳይናገር ጠበቃቸው። ይህን ሹፌር እግዜር ይስጠው። ከዚያም በመስቀል አደባባይ አልፈው፣ በአፍሪካ አዳራሽና በሒልተን በኩል ሽቅብ፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት አድርገው ወደ በዓታ ወጡ።

በዓታን ያሠሩት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው፤ ለአባታቸው ማረፊያ። ምኒልክ ሲሞቱ ነገሩ ለሕዝብ ሳይነገር አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት አረፈ፤ ኋላ ነው ወደ በዓታ የፈለሰው። ዛሬ ጉልላቱ አናት ላይ ዘውዱን ስታዩ ከሥር የተኛውን ታውቃላችሁ።

ደጁ ላይ ጫማ ይወልቃል። ለጤነኛ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለእኚህ እናት ግን መቀመጫ መፈለግ፣ ማጎንበስ፣ እንደገና መነሳት ነው። ልጁ ተንበርክኮ ማሰሪያውን ፈታላቸው፤ ከዚያም የምርኩዛቸውን ጫፍ በመሐረቡ ጠረገላቸውና ገቡ።

መቃብሩ ያለው ግን ከወለሉ በታች ነው። ካህኑ ከባዱን የብረት መዝጊያ ሲያነሱት ወደ ታች የሚወስደው ደረጃ ታየ፤ ከውስጡም ቀዝቃዛ አየር ወጣ። እናትም ደረጃውን አዩት፤ ጉልበታቸውንም አዩት።

«እናቴ፣ ዲያቆናቱ ይሸከሙዎት» አሉ ካህኑ በትሕትና።

«አይሆንም አባ፤ እነሱም እኔም እንወድቃለን። ልጁ ይውረድልኝ።»

ልጁ ወረደ፤ እሳቸውም አፋፉ ላይ ወንበር ቀረበላቸውና ቁልቁል እየጠየቁ ተቀመጡ። «መሐል ማን ናቸው?» ሲሉ «ምኒልክ» ይላል፤ «በአጠገባቸውስ?» ሲሉ «በአንድ ወገን እቴጌ ጣይቱ፣ በሌላው ንግሥት ዘውዲቱ» ይላል። ከዚያም ዝም አሉ፤ ጥቂት ቆይተውም «እሳቸውም እኮ በመጨረሻ ዘመናቸው ሰውነታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር» አሉ። እውነት ነው፤ የዓድዋው ንጉሥ የመጨረሻ ዓመታቸውን በበሽታ ተይዘው፣ ሽባ ሆነው ነው ያሳለፉት።

የንጉሥ መቃብር ያለ ደረጃም ይሠራል፤ በሮም፣ በቲበር ወንዝ ዳር፣ የቄሣር ሐድርያን መቃብር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ139 ነው ሥራው ያለቀው። በውስጡ እየተጠማዘዘ፣ ደረጃ ሳይኖረው፣ አመድ ወደተቀመጠበት ክፍል የሚወጣ መንገድ ሠርተውለታል። አገራችንም በ2001 ዓ.ም. ባወጣችው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው አዝዛለች። የነገሥታቱ መቃብር ይፍረስ የሚል የለም፤ አዲስ የሚሠራው ግን ይህን መንገድ ላለማበጀት ምክንያት የለውም።

ከበዓታ ወጥተው አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄዱ። የአጼ ኃይለ ሥላሴ አስከሬን በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ከተገኘ በኋላ በበዓታ ቆይቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው ሥላሴ የገባው። መግቢያው ላይ ደረጃ አለ፤ እሱን በልጁ ትከሻ፣ እያረፉ ወጡት። ከዚያ ወዲያ ግን የንጉሡና የባለቤታቸው የእቴጌ መነን መቃብር እዚያው ካቴድራሉ ወለል ላይ ነው፤ እናት በምርኩዛቸው ደርሰው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ዳሰሱት።

እናንተም ቤታችሁ ጉልበት የከዳው አባት ወይም እናት ካለ «አይችሉም» ብላችሁ አትተዉአቸው። አስቀድማችሁ ሄዳችሁ ደረጃውን እዩ፣ ወንበር የት እንዳለ ጠይቁ፣ ሰው የማይበዛበትን ማለዳ ምረጡ፤ ከዚያም ይዛችኋቸው ሂዱ።