የጠመንጃ ሰደፍና የተልባ ዘይት

ከለገሀር ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው ቸርችል ጎዳና ስሙን ያገኘው ከእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ከዊንስተን ቸርችል ነው። ስያሜውም አዲስ አበባ ከፋሺስት ወረራ ነጻ የወጣችበትን የ1933 ዓ.ም. ዘመቻ ያስታውሳል። በዚያ ዘመቻ ከአርበኞች ጎን የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር ሊ ኤንፊልድ የተባለውን ጠመንጃ ይዞ ነበር። የዚህ ጠመንጃ ሰደፍ በጥሬ የተልባ ዘይት የታሸ ሲሆን፣ ወታደሩም በየጊዜው በዚያው ዘይት እንዲወለውለው ይታዘዝ ነበር። የጎዳናው ላይኛ ጫፍ ደግሞ ዛሬ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ያደርሳል። አሮጌ ጠመንጃ በአደራ የያዘ ሙዚየምም ሆነ ቤተሰብ ሁሉ፣ ለሰደፉ የትኛው ዘይት ይስማማዋል የሚለውን ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል።

የጥያቄው መነሻ የእንጨት ጠባይ ነው። እንጨት ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ያበጠ ሰደፍ የጠመንጃውን ብረት እየገፋ ዒላማ ያስታል፤ በፍጥነት የደረቀ ደግሞ ይሰነጠቃል። ወደ ኢትዮጵያ የገቡ ጠመንጃዎች ይህን ፈተና ገና በመንገድ ላይ ሳሉ ቀምሰዋል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ያመጣው ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ከታጁራ ወደብ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ነው ደጋ የደረሰው። የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዓድዋ በፊት የመጣው ውጅግራም ሆነ ሌላው መሣሪያ በግመልና በበቅሎ የተጫነ ነበር። ከበረሓው ሐሩር ወጥቶ የደጋውን ክረምት የተቀበለ እንጨት መከላከያ ያሻዋል።

መከላከያ የሚሆነው ግን ማንኛውም ቅባት አይደለም። ባለሙያዎች ቅባቶችን በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ የሚደርቁ፣ በከፊል የሚደርቁና የማይደርቁ። የተልባ ዘይት ከሚደርቁት ወገን ነው። ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ሊኖሌኒክ የተባለው አሲድ ስለሆነ፣ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ከፈሳሽነት ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይለወጣል። በአገራችን የታወቀው የኑግ ዘይት ሦስት አራተኛ ገደማው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ቀስ ብሎና በከፊል እንጂ እንደ ተልባ አይደርቅም። ቅቤ ከቶ አይደርቅም። ቆዳ ቢያለሰልስም፣ በእንጨት ላይ ሲቆይ አቧራ ይሰበስባል፤ ይሻግታል፤ ነፍሳትንም ይጠራል። ስለዚህ እንግሊዞች የመረጡት የዘይት ፍሬ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አልነበረም፤ ተልባ በደጋው ማሳ ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ የኖረ ነው።

የተልባ ዘይት ራሱም ሁለት ዐይነት ነው። ጥሬው ወደ እንጨቱ ጠልቆ ይገባል፤ ለመድረቅ ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። «የተቀቀለ» ተብሎ የሚሸጠው የማድረቂያ ብረታ ብረት ውሑድ ስለሚገባበት በአንድ ቀን ገደማ ይደርቃል። በሁለቱም ረገድ ሕጉ አንድ ነው፤ በስሱ መቀባት፣ ትርፉን መጥረግ፣ እስኪደርቅ መታገሥ። በወፍራሙ የተቀባ ዘይት ተጣብቆ ይቀራል። ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መነከር አለበት። ይህን የዘነጋ የሙዚየም ሠራተኛ አንድ ሰደፍ አሳምራለሁ ሲል ሙሉ ግምጃ ቤት ለእሳት ሊዳርግ ይችላል።

እስከዚህ የተባለው በአገልግሎት ላይ ላለ ጠመንጃ ነው። ለታሪክ ቅርስ ግን መልሱ ይለወጣል። የተልባ ዘይት እየቆየ ይጠቁራል፤ አንዴ ከጠነከረ በኋላም እንጨቱን ሳይጎዱ ማንሣት ያስቸግራል። በሰደፉ ላይ የተቀረጸ ስም ወይም መስቀል፣ የባለቤቱ ጉንጭና እጅ ያለሰለሰው ቦታ፣ በጦር ሜዳ የደረሰበት ጭረት፣ ሁሉም የታሪክ ማስረጃ ነው። ሰደፉ ተሰብሮ በዋንዛ ወይም በወይራ የተጠገነ ከሆነ፣ ጥገናው ራሱ ያገሩን አናጢ ሥራ ይመሰክራል። ዘይት በላዩ ሲደራረብ ነባሩንና የተጨመረውን እንጨት አንድ መልክ አልብሶ ይህን ምስክርነት ያደበዝዛል። ለማስዋብ ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ሰደፍማ ማስረጃውን ከነጭራሹ ያጣል።

ከዚህም የተነሣ የዘመኑ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ለሙዚየም ዕቃ የተልባ ዘይት አይመክሩም። መጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት፣ የክፍሉን እርጥበት ሳይለዋወጥ ማቆየት፣ ካስፈለገም በኋላ ሊነሣ የሚችል የተጣራ ሰም በስሱ መቀባት ይመረጣል። በየዓመቱ የዓድዋ በዓል ሲቃረብ የአያቱን ጠመንጃ ከግድግዳ አውርዶ በዘይት የሚያሽ ሰው ክብር መስጠቱ ነው፤ ሆኖም በአንድ ትውልድ የተቀባው ሃያና ሠላሳ ሽፋን የአያቱን እጅ አሻራ ይሸፍንበታል። ለእንዲህ ያለው ሰው የባለሙያው ምክር አጭር ነው፤ ሰደፉ ከመነካቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ያለው ምልክት ሁሉ ይመዝገብ፣ የዘይቱም ጠርሙስ ተከድኖ ይቀመጥ።