ፀጉር በሌዘር ካስወገዱ በኋላ ቆዳዎ ላይ የሚያዩት፦ የተለመደው የትኛው ነው? የሚያሳስበውስ?

የብብት፣ የእግር፣ የክንድ ወይም የጀርባ ፀጉርን በሌዘር ማስወገድ በአዲስ አበባም ሆነ ብዙ እህቶቻችን በሚኖሩባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ሰዎች ወደ ክሊኒክ ከመሄዳቸው በፊት ስለ ዋጋውና ስለ ሕመሙ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ቤት ከተመለሱ በኋላ ቆዳቸው ላይ ስለሚያዩት ነገር ግን ብዙም አይነገራቸውም። በዚህ የተነሳ አንዳንዶች በተለመደው ምልክት ይደነግጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቃጠሎን «ነገ ይሻለኛል» እያሉ ሲጠብቁ ለጠባሳ ይዳረጋሉ።

ነገሩን ለመረዳት ሌዘር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ፀጉርን የሚያጠቁረው ሜላኒን የተባለው ቀለም ነው። ይህ ቀለም የሌዘሩን ብርሃን ይውጥና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱም የፀጉሩን ሥር ይጎዳል። ሽበት ወይም ወርቃማ ፀጉር በሌዘር የማይጠፋው ቀለሙ ስለሌለው ወይም ስለሚያንሰው ነው። ነገር ግን ይኸው ሜላኒን በቆዳችን ውስጥም አለ። ቆዳው ነጭ፣ ፀጉሩ ጥቁር ሲሆን ብርሃኑ በቀጥታ ወደ ፀጉሩ ይሄዳል። ቆዳውም ፀጉሩም ጥቁር ሲሆን ግን የብርሃኑ አንድ ክፍል ሥሩ ጋ ሳይደርስ ቆዳው ላይ ይቀራል፤ የሚያቃጥለውም ያኔ ቆዳውን ነው።

አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ቆዳ ለፀሐይ የሚሰጠውን ምላሽ መሠረት አድርጎ ያወጣው መለኪያ ዛሬ 6 ደረጃዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ከ4ኛው እስከ 6ኛው ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ለእነዚህ ደረጃዎች ይበልጥ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው የሚባለው 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው «ኤንዲ ያግ» የተባለው ሌዘር ነው፤ ብርሃኑ ወደ ጥልቀት የሚገባና በቆዳው ቀለም እምብዛም የማይዋጥ ነው። 755 ናኖሜትር የሆነው «አሌክሳንድራይት» ግን ለነጣ ቆዳ የሚመረጥ ነው። ስለዚህ የማሽኑን ስም መጠየቅ ነውር አይደለም። መልስ የማይሰጥ ክሊኒክ ከሆነ ሌላ ቢፈልጉ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ከክሊኒኩ ሲወጡ ቆዳዎ ብዙ ሰዓት ፀሐይ የመታው ያህል ይሞቃል፣ ይለበልባል። በእያንዳንዱ ፀጉር ዙሪያ ትንንሽ እብጠት ይወጣል፤ ብርድ ሲነካን ቆዳችን ችፍ እንደሚለው ዓይነት ነው። ይህ ሙቀቱ የፀጉሩ ሥር ጋ መድረሱን የሚያሳይ ስለሆነ ሊያስደነግጥዎ አይገባም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወይም ቢበዛ በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። የተቃጠለ ፀጉር ሽታም ሊኖር ይችላል።

የውጭ አገር መመሪያዎች «ቅላት ይኖራል» ይላሉ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላት እምብዛም አይታይም፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ አይፍረዱ፣ በእጅዎ ይዳስሱ። የታከመው ቦታ ከጎኑ ካለው ይበልጥ ይሞቃል? አብጧል? ጠቆር ወይም ሐምራዊ ብሏል? ሙቀቱ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየቀነሰ ከሄደ ደህና ነው። ወዲያውኑ ነጣ ወይም አመድማ ያለ ቦታ ካዩ ግን የላይኛው ቆዳ ከመጠን በላይ መሞቁን ያመለክታልና ከክሊኒኩ ሳይወጡ ይናገሩ።

ለማቀዝቀዝ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። በረዶ ከተጠቀሙ በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ ማስቀመጥ በራሱ ያቆስላል። ከፋርማሲ የሚገዛ ሽታ የሌለው የእሬት ጄል ይረዳል። ከጓሮ የተቆረጠው እሬት ግን ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ለዚህ አይሆንም። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ቡና መቀባት የለብዎትም።

ለ48 ሰዓት ያህል ሙቀት የሚጨምር ነገር ሁሉ ይቅር፦ ፍል ውሃ፣ ሳውና፣ ስቲም፣ የሚያልብ ስፖርት። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የወይባ ጢስ ነው። አንዲት እህት ለሠርግ ስትዘጋጅ ሌዘሩንም ጢሱንም በአንድ ሳምንት ልታደርግ ትችላለች፤ ገና ያልበረደ ቆዳ ላይ ሌላ ሙቀት መጨመር ነውና ቆዳው እስኪያገግም ይዘግይ። ብብቱን ከታከሙ ዲኦዶራንት፣ ሽቶና ዒጥር ቢያንስ ለአንድ ሁለት ቀን አይቀቡ። ሰፊ የጥጥ ልብስ ይልበሱ።

ስለ ሂናና እንሶስላም አንድ ነገር እንበል። ቀለሙ ቆዳ ላይ እያለ ሌዘር ቢተኮስበት ብርሃኑን የሚውጠው ያ ቀለም ነው። ሂናው እስኪለቅ ድረስ ያ ቦታ መታከም የለበትም፤ ንቅሳት ያለበት ቦታ ደግሞ ጨርሶ አይነካም።

ውዱእና ትጥበት

ከሌዘር በኋላ ውሃ አይከለከልም፤ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን እንጂ ውዱእም ትጥበትም በተለመደው መንገድ ይቻላል። ቦታውን በሻካራ ጨርቅ አይሹት፤ በፎጣ ሲያደርቁም እንዳይፈትጉት። ወፍራም ቅባት ወይም ክሬም ከተቀቡና ውሃ ወደ ቆዳው እንዳይደርስ የሚከለክል ሽፋን ከሠራ ከውዱእ በፊት በለስላሳ ሳሙና ያንሱት። ውሃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ቁስል ኖሮ ሐኪሙ ውሃ እንዳይነካው ካዘዘ በፊቅህ ለቁስለኛ የተቀመጠው ማግራራት አለ፤ እንዴት እንደሚፈጸም በአካባቢዎ ያለ ዓሊም ይጠይቁ።

ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ሳምንት፦ «ፀጉሩ ተመልሶ መጣ!»

ክሊኒኮች በብዛት የሚደወልላቸው በዚህ ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ፀጉሩ ያደገ ይመስላል፤ አንዳንድ ቦታ ላይም የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ያዩት የሞተው ፀጉር ነው፤ ቆዳው ወደ ውጭ እየገፋው ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲታጠቡ እየረገፈ ይወጣል።

በወረንጦ አይንቀሉት፣ በክር ወይም በሰም አያንሱት። ቀጣዩ ሌዘር የሚፈልገው ከቆዳው ሥር ያለውን ባለ ቀለም ፀጉር ነው፤ ከነሥሩ ከነቀሉት ብርሃኑ የሚይዘው ነገር አያገኝም፣ የከፈሉት ገንዘብም ባከነ። በምላጭ መላጨት ግን ሥሩን ስለማይነካ ቆዳው ከበረደ በኋላ ይቻላል።

እዚህ ላይ ጥያቄ የሚያነሱ አሉ። የብብትና የሐፍረተ ገላ ፀጉር ከ40 ሌሊት በላይ እንዳይቆይ የሚያመለክተው የአነስ ሐዲስ በሙስሊም ተዘግቧል። በሁለት ሌዘሮች መካከል ያለው ጊዜ አንዳንዴ ከዚህ ይበልጣልና ምን ይደረጋል? መላጨት ነው። በሐዲሶች ለብብት የተጠቀሰው መንቀል ቢሆንም ዑለማዎች ዓላማው ፀጉሩን ማስወገድ ስለሆነ በሌላ መንገድም ይፈጸማል ብለዋል። ስለዚህ ሕክምናው ከሱናው ጋር አይጋጭም።

ለሐጅ ወይም ለዑምራ ለሚዘጋጁ ደግሞ፦ በኢሕራም ውስጥ ፀጉር ማስወገድ ስለማይፈቀድ ቀጠሮውን ቀደም ብለው ይያዙ። ሦስት ሳምንት ያህል ቢቀድሙ የሚረግፈው ረግፎ ያልቃል፣ ቆዳዎም ለመካ ፀሐይ ይደርሳል። ኡዱሒያ ለማረድ የነየተ ሰውም የዙልሒጃን የመጀመሪያ አሥር ቀናት ማስታወስ አለበት።

ዝም የማይባልባቸው ምልክቶች

ውሃ የቋጠረ ቦታ፣ የተላጠ ወይም ቅርፊት የሠራ ቆዳ፣ ከሦስት ቀን በኋላም የሚጨምር ሕመም፣ መግል፣ ትኩሳት፤ እነዚህ ወደ ሐኪም የሚያስሄዱ ናቸው። የቋጠረውን አያፍርጡት፤ ከበታቹ ያለውን ቆዳ ከጀርም የሚጠብቀው እሱ ነው። የቆዳ ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን መድረስ ጠባሳ በመቅረትና ባለመቅረቱ መካከል ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ቁስል ሲድን ኬሎይድ የሚያወጣ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ይህን ከሕክምናው በፊት መናገር ይኖርባቸዋል።

ከሁሉ በላይ በእኛ ቆዳ ላይ የሚያጋጥመው ጥቁረት ነው። ቆዳ ሲቃጠል ወይም ሲቆጣ ሜላኒን ያበዛል፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ቦታው ጠቁሮ ይቀራል። በአብዛኛው ይለቃል፣ ግን ወራት ይወስዳል። ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ይብስበታል። በዚህ ረገድ ሒጃብና ረጅም ልብስ ለምትለብስ እህት ሥራው ተቃልሎላታል፤ ልብስ ከማንኛውም ክሬም የተሻለ የፀሐይ መከላከያ ነው። ፊት፣ እጅና እግርን ግን ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀቡ። ጥቁረቱን ለማስለቀቅ ተብሎ ከገበያ የሚገዛ የማንጫ ክሬም አይንኩ። ብዙዎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ አንዳንዶቹም ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል፤ ቆዳውን አሳስተው ለሚቀጥለው ሌዘር ይበልጥ ተጋላጭ ያደርጉታል። አልፎ አልፎ ቦታው ከመጥቆር ይልቅ ይነጣል፤ ይህኛው ለማዳን የሚከብድ ስለሆነ ሳይዘገዩ ያሳዩት።

ዓውራ እና የቤት ውስጥ መሣሪያው

ሴት ለሴትም ቢሆን ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለውን መግለጥ ያለ አስገዳጅ ምክንያት እንደማይፈቀድ ብዙ ዑለማዎች ያስተምራሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ እህቶች ክሊኒኩን ትተው በቤት የሚሠራ መሣሪያ ይገዛሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ሌዘር አይደሉም፤ «አይፒኤል» የሚባል የተቀላቀለ ብርሃን የሚረጩ ናቸው፣ በጣም ለጠቆረ ቆዳም አልተሠሩም። ሣጥኑ ላይ የቆዳ ቀለሞች ሰንጠረዥ አለ፤ የእርስዎ ቀለም መጨረሻ ላይ «ኤክስ» ምልክት ከተደረገበት ካለ አይጠቀሙበት። አንዳንዶቹ የቆዳውን ቀለም አንብበው አልበራም ይላሉ። ያኔ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ቦታ ላይ አብርቶ ወደ ጠቆረው ማንሸራተት አደገኛ ነው። የሐፍረተ ገላ አካባቢ ቆዳ ከሌላው ሰውነት ይጠቁራል፤ እጅ ላይ ያላቃጠለ መሣሪያ እዚያ ሊያቃጥል ይችላል። ለዚህ ቦታ ምላጭ እስካሁንም ርካሽና የታወቀ መፍትሔ ነው።

ማደንዘዣ ክሬምም እንዲሁ በራስ ፈቃድ የሚቀባ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2007 (እ.ኤ.አ.) ማስጠንቀቂያ ያወጣው የ22 እና የ25 ዓመት ሁለት ሴቶች ከሌዘር በፊት እግራቸውን ማደንዘዣ ክሬም ቀብተው በፕላስቲክ ከጠቀለሉት በኋላ አንቀጥቅጧቸው፣ ራሳቸውን ስተው በመሞታቸው ነው። በሰፊ ቦታ ላይ ተቀብቶ ሲታፈን መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል።

ስንት ጊዜ? እስከ መቼ?

ሌዘር የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን ፀጉር ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉም ፀጉር በማደግ ላይ ስለማይሆን አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 8 ዙር ያስፈልገዋል፤ ለሰውነት በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ ነው። ከጥቂት ዙር በኋላ የሚመጣው ፀጉር የሳሳ፣ የቀጠነና ቦታ ቦታ የያዘ ይሆናል። «ለዘላለም ይጠፋል» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ይጠንቀቁ። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ለእነዚህ ማሽኖች የፈቀደው አባባል ፀጉርን «በዘላቂነት መቀነስ» የሚለውን ነው። ዙሩ ካለቀ በኋላም በየጊዜው መደገም ሊያስፈልግ ይችላል። በመሐል ካረገዙ፣ ወይም እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት ከጀመሩ ከቀጠሮው በፊት ያሳውቁ፤ በእርግዝና ጊዜ ሐኪሞች ማቆየትን ይመክራሉ።

ጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ በታከመው ቦታ ዳር ላይ ቀድሞ ያልነበረ ፀጉር ይበቅላል። ይህ በብዛት የሚታየው ጠይም ቆዳ ባላቸው ሴቶች ፊትና አንገት ላይ ነው፤ የሆርሞን መዛባት ያለባቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ። አገጭዋ፣ ደረቷ ወይም እምብርቷ ሥር ወፍራም ፀጉር የሚበቅልባትና የወር አበባዋ የሚዛባባት እህት የእንቁላል ማምረቻ እጢዎቿ ላይ ፒሲኦኤስ የተባለው ችግር ሊኖርባት ይችላል። ሌዘሩ ያለውን ፀጉር ቢያጠፋም ሆርሞኑ አዲስ እያበቀለ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ለሌላ ዙር ከመክፈሏ በፊት የማህፀን ወይም የሆርሞን ሐኪም ዘንድ ሄዳ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ብታደርግ ይመረጣል።