ክፍሉ ሲወድቅ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ወይም በዓለም ገና አድርጋችሁ ወደ ሰበታ በታክሲ ስትሄዱ በመንገዱ ዳር ያሉትን ፎቆች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ምድሩ ሱቅ፣ ከላዩ ባንክ፣ ከባንኩ በላይ ኮሌጅ። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ደረጃውን ከሚወጡት መካከል የነርሲንግ ተማሪዎች አሉ። ከኋላቸው ደግሞ በሬ የሸጠ አባት፣ ወይም አረብ አገር ሆና ብር የምትልክ እህት አለች።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ላይ አገሪቱ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች የመውጫ ፈተና ሰጠች። ነርሲንግም አልቀረለትም። በጠቅላላው 150,184 ሰው ተፈትኖ 61,054 አለፈ። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ከመቶ 62 ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት ከመቶ 17 ብቻ ናቸው። በቀላል ሒሳብ፣ 40 ተማሪ ባለበት የግል ኮሌጅ ክፍል 7 አለፉ፣ 33 ወደቁ ማለት ነው። ያላለፈ ደግሞ እስኪያልፍ ድረስ ዲግሪ የለውም።

አንድ ልጅ ሲወድቅ «ሰነፍ ነው» ብለን እናልፋለን። ክፍሉ በሙሉ ሲወድቅስ? ያኔ የወደቀው ማን ነው? እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

የኢትዮጵያ ነርሶች ታሪክ ሲነሳ የልዕልት ፀሐይ ስም ሳይጠራ አይታለፍም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በ1928 ዓ.ም. ከአባቷ ጋር ተሰደደች፤ ለንደንም ገብታ በታዋቂው የሕፃናት ሆስፒታል፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት፣ ነርስነት ተማረች። በ1931 ዓ.ም. ተፈትና አለፈች። የንጉሥ ልጅነት የፈተና ጥያቄ አይመልስም፤ የታማሚ አልጋም አያነጥፍም። ነፃነት ሲመለስ አገሯ ገባች፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ግን ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በወጣትነቷ ሞተች። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው።

በ1940ዎቹ ቀይ መስቀል ዛሬ የካቲት 12 በምንለው ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራ ጀመረ፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። የሁለቱም ጠባይ አንድ ነው፦ ክፍሉ ያለው ታማሚው ካለበት አጠገብ ነው። ጎንደሮቹ እንዲያውም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ተማሪው በጣም ጥቂት፣ አገሩ ግን ሰፊ ነበር።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። መንግሥት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሠልጥኖ ወደ ቀበሌ ላከ፤ ጤና ጣቢያዎች በየቦታው ተገነቡ፤ ነርስ ተፈለገ። የግል ኮሌጆችም «10+3» ብለው በር ከፈቱ፤ በኋላም ዲግሪ ጨመሩ። ይህን አንነቅፍም። በሩ ባይከፈት ኖሮ ብዙ የሰበታና የቡራዩ ልጅ ከነጭራሹ ጋውን ባልለበሰ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ክፍል በኪራይ ይገኛል፤ አልጋና ታማሚ ግን በኪራይ አይገኝም። ጓደኞቻችን የልምምድ ጊዜያቸውን ሲያወሩ፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ አሥር ሆነው ቆመው መርፌውን የያዘችው አንዷ ብቻ እንደነበረች ይነግሩናል። ዘጠኙ ተመልካች ነበሩ።

ደግሞስ ወደ ክፍሉ የገባው ማን ነው? በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ተሰረዘ፣ በሌላ ተተካ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ጥበቃው ሲጠብቅ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጉድ ታየ፦ ከ896,520 ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ነው። ከመቶ 3 ከምናምን! በዓመቱም ቁጥሩ እዚያው ገደማ ነበር። እንግዲህ የመውጫ ፈተናው የጣላቸው ልጆች የወደቁት ያን ቀን አይደለም፤ ከታች ጀምሮ ሳይይዙ ሲሻገሩ የመጡ ናቸው። በየዓመቱ «አልፋችኋል» ያልናቸው ደግሞ እኛው ነን።

«ምርጫ እያጠቆሩ መፈተን ነርስ አያወጣም» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ደም ሥር ማግኘት በኮምፒውተር አይፈተንም። ይሁን እንጂ የመድኃኒት መጠን ማስላት ያቃታትን ልጅ፣ እናታችን በተኛችበት ክፍል የሌሊት ተረኛ ሆና ልናገኛት እንፈልጋለን? እኛ አንፈልግም። ስለዚህ ፈተናው ይኑር እንላለን። ግን ቅጣቱን የምትሸከመው ተማሪዋ ብቻ መሆኗ አይዋጥልንም። 33 ልጆች ከ40 ሲወድቁ፣ አራት ዓመት ክፍያ የተቀበለው ኮሌጅ፣ ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ልምምዱን ሳያይ የፈረመው ተቆጣጣሪም አብረው ወድቀዋል። እነሱ ግን ድጋሚ አይፈተኑም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም ተጠቃለዋል። ስሙ ተለወጠ፤ ፎቆቹ ግን እዚያው ናቸው። ቀጣዩ ተመዝጋቢ ደረጃውን ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ «ካለፈው ክፍል ስንቱ አለፈ? የምንለማመደውስ የት ነው?» መልስ የሌለው ኮሌጅ የፈተናውን ውጤት ከወዲሁ ነግሮታል።