የአበበ ሁለተኛ ስፖርት

ከሆጤ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባ ሁሉ ሸኖን ያውቃታል፤ ደብረ ብርሃንን አልፈን ቅቤ የምንገዛባት ከተማ። አበበ ቢቂላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ከነቮልሱ የተገለበጠው እዚሁ መንገድ ላይ፣ ሸኖ አካባቢ ነው። ታሪኩን ስንተርክ አብዛኞቻችን እዚህ ጋ እናቆማለን፦ ሮም፣ ባዶ እግር፣ ቶኪዮ፣ አደጋ፣ ዊልቸር፣ ሞት። በአደጋውና በሞቱ መካከል ግን አራት ዓመት ከሰባት ወር አለ። ሰውየው በዚያ ጊዜ ውስጥ ስፖርት ቀይሮ ተወዳድሯል።

መጀመሪያ እጁም እግሩም አልታዘዘውም ነበር። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታክሞ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን እንደዚያው ቀሩ። ሆስፒታሉ ደግሞ ዝም ብሎ ሆስፒታል አይደለም። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት ያክምበት የነበረ ቦታ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ታካሚዎችን ግቢው ውስጥ በቀስት አወዳደረ። ፓራሊምፒክ የበቀለው ከዚያ ነው። ቀስትም ለጨዋታ ያህል ብቻ አልተመረጠም፤ ዊልቸር ላይ የሚውል ሰው የሚያስፈልገውን የክንድ፣ የትከሻና የጀርባ ጡንቻ ያጠነክራል።

አሁን እኔን የሚገርመኝን ልንገራችሁ። አበበ ሮም ላይ በ2:15:16 ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። መስከረም 8 ቀን እዚያው ሮም የስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች ተከፈቱ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብለው የሚቆጠሩት እነሱ ናቸው። ሁለቱ የስፖርት ሕይወቶቹ በአንድ ከተማ፣ በስምንት ቀን ልዩነት ተላልፈዋል።

የተገናኙት ከአስር ዓመት በኋላ ነው። አበበ በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ ብርድ ባያስፈራውም፣ በረዶ ላይ ውሻ መንዳትን ግን የት ያውቀዋል!

እኛ ይህንን ሁሉ «ምስኪን» በሚል አንድ ቃል ዘለነዋል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው ቀስት ይዞ እንደ ጀማሪ መሰለፉ፣ ለእኔ ከቶኪዮው 2:12:11 አያንስም። ምናልባትም ይበልጣል፤ ሩጫውን ሰውነቱ ያውቀው ነበራ።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ሜዳልያዋን ያገኘችው በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ፣ በወንድዬ ፍቅሬ የ1500 ሜትር ብር ነው። የመጀመሪያውን ወርቅ ያመጣችው ትዕግስት ገዛኸኝ ናት፤ በ2013 ዓ.ም.፣ በ1500 ሜትር፣ የማየት ችግር ባለባቸው ሯጮች ምድብ። ከተማዋም ቶኪዮ ነበረች።